በደም ላይ የተዘራ ፊደል

የ«ደወል» ጋዜጣ አዘጋጅ ቬንዴሊን ሽትራክ መገደሉን ለዳኛው ሊነግሩ የመጡት ሰዎች ገመዱን አስቀድመው ይዘው ነበር። ዳኛ ኢግናትስ ኬርን ከኮክ ዛፎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ አረም ሲነቅል ስለነበር መጀመሪያ ያየው ፊታቸውን ሳይሆን ገመዱን ነው። ከፋልክ መደብር የወጣ አዲስ ገመድ ነው።

«ማንን ልትሰቅሉበት ነው?» አላቸው ሳይነሣ።

ሜክሲኮአዊውን ነው አሉት። ጋሪ ነጂውን ኤውሴቢዮ ሪንኮንን፤ ዓመታት ሙሉ ከባሕር ወደብ ወረቀትና ጨው ሲያመላልስላቸው የኖረውን። ትናንት ወደ ማታ ከማተሚያ ቤቱ ሲወጣ ታይቷል። ኮሎኔል ዊቸር፣ ያ ባለ ጥጥ እርሻው አሜሪካዊ፣ በገንዘብ ገዝቶት ሽትራክን አስገድሎታል፣ ማተሚያ ቤቱንም አስበትኖታል። ነገሩ ያለቀለት ነው፤ የቀረው የዳኛው መገኘት ብቻ ነው አሉ።

«ኮሎኔሉ ካስገደለው ለምን ወደ ኮሎኔሉ ቤት በገመድ አልሄዳችሁም?»

ኬርን እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሣ። «አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን» አለና ከፊታቸው ቀድሞ ሄደ።

ይህ ሰው በትውልድ አገሩ በጀርመን መርማሪ ዳኛ ነበር። በሺህ ስምንት መቶ አርባ ስምንቱ አብዮት ከተሸነፉት ወገን ስለነበር ነፍሱን ይዞ ወደ ቴክሳስ ተሰደደ፤ የሊንደንታልም ሰዎች አብዛኞቹ እንደሱ ናቸው። ነፃነትን ፍለጋ ነው የመጣነው ይላሉ። መንደራቸውን ሲመሠርቱ ከቤተ ክርስቲያን በፊት የመዘምራን አዳራሽ ሠሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሳይሰቅሉ «ደወል» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋሙ። ማተሚያው በበሬ ጋሪ ከወደብ ሲመጣ የቤቱ ክዳን አላለቀም ነበርና የመጀመሪያው እትም ከባሉጥ ዛፍ ሥር ታትሞ ወጣ። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው የለም።

ሽትራክ ግን ስለ ነፃነት ሲጽፍ የእነሱን ነፃነት ብቻ አላለም። ሰውን እንደ ከብት መሸጥ ነውር ነው ብሎ ጻፈ። አሜሪካውያኑ ጎረቤቶች ጋዜጣውን እያስተረጎሙ ሰሙ፤ ኮሎኔል ዊቸርም ማተሚያውን ወንዝ እጨምረዋለሁ ብሎ በአደባባይ ዛተ። ባለአክሲዮኖቹ ፈሩና ተሰብስበው ወሰኑ፤ ጋዜጣው ከእንግዲህ ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ስለ መዝሙርና ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ይጻፍ አሉ። ሽትራክ በሚቀጥለው እትም በአንድ መስመር መለሰላቸው፦ «የአየሩን ሁኔታ በመስኮት ተመልከቱት።»

በማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ነጋዴው ዩስቱስ ፋልክ ክንዶቹን አጣምሮ ቆሟል። የባለአክሲዮኖቹ ሊቀ መንበር ነው። የከተማው ዶክተር ሬሳውን መርምሮ ከወጣ ወዲህ ድመት እንኳ እንዳላስገባ በኩራት ተናገረ።

ኬርን ገባ። ሽትራክ ከፊደል መልቀሚያው ፊት ከበርጩማው ወድቆ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ላዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ተደርጎበታል። ከጎኑ የታሰረውን ገጽ መትቶ ማጥበቂያው የእንጨት መዶሻ ደም ለብሶ ተጥሏል። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ከእርሳስ ብረት በተቀረጹ ትንንሽ የማተሚያ ፊደሎች ተሸፍኗል። የፊደል መሳቢያዎቹ ባዶአቸውን፣ አንዳቸውም ሳይሰበሩ፣ ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ማተሚያው ደኅና ነው። በላዩ ላይ የመጪው እትም የመጀመሪያ ገጽ በብረት ማቀፊያው ውስጥ እንደታሰረ ነው፤ መካከሉ ላይ ግን አንድ ሙሉ ጽሑፍ የሚያህል ቦታ ባዶ ሆኖ ከዳርና ከዳር ያሉት መስመሮች ወደ ክፍተቱ ዘመም ብለዋል።

ዳኛው ተንበርክኮ ከደሙ ላይ አንድ ፊደል አነሣ። ደሙ ደርቋል፤ ደሙ ላይ ያረፈው የፊደሉ ሆድ ግን ንጹሕ ነው። ሌላ አነሣ፤ እሱም ንጹሕ። ሦስተኛውን ከበሩ አጠገብ ሲያነሣ አውራ ጣቱ ጠቆረ። የማተሚያ ቀለም ነው።

ዶክተር አዳልበርት ክቫንት ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። መልከ መልካም ሰው ነው፤ የከተማውን ግማሽ ሕፃናት ያዋለደ፣ የመዘምራኑ መሪ። ስለ ነፃነት የሚዘመረውን መዝሙር እሱ ሲያነሣው ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ከሽትራክ ጋር በአንድ መርከብ ነው የመጡት። ሽትራክ የሞተው ትናንት ማታ ነው፤ ከኋላው በመዶሻ ተመትቶ ነው አለ። «አሜሪካውያን ናቸው። እንደ አውሬ ገብተው እንደ አውሬ ወጡ» አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ኬርን ትከሻውን ነካ አድርጎት ወደ ሟቹ ሚስት አለፈ።

ማልቪና ሽትራክ አላለቀሰችም። ትናንት አንዲት ጎረቤቷ ምጥ ይዟት እዚያው አድራ፣ ጠዋት ስትመለስ ነው ያገኘችው። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ በደረቀ ደም ተቀልሟል። ባሏን ታቅፋው እንደነበር፣ ከዚያ ከደጃፉ ሆና ስትጮኽ ዶክተሩ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤቱ ሮጦ እንደመጣ፣ እሷን ውጭ አስቀምጦ ብቻውን እንደገባ ነገረችው። ብዙ ቆየ አለች። እሷ ከዚያ ደጃፍ አልተነቃነቀችም።

«ተንበርክከሽ ነበር?»

«ታዲያ ቆሜ ልቀፈው?»

«ጉልበትሽን አላመመሽም?»

«ባሌ ሞቶ አንተ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለህ? አላመመኝም።»

«አትቆጪ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቬንዴሊን ስለ አንድ ሰው መጥፎ ነገር ሊጽፍ ሲል ምን ያደርግ ነበር?»

«ታውቀዋለህ እኮ። አስቀድሞ ሰውየውን ይጠራዋል። ለእርማት የወጣውን ቅጂ ያስነብበውና መልስ ካለህ ጎን ለጎን አትምልሃለሁ ይለዋል። ስንት ጊዜ ተው ብዬዋለሁ፤ ሰውን በጨለማ አልመታም ይላል።»

ኬርን ሌላ አልጠየቃትም። ከወለሉ ላይ ቀለም የነካቸውን ፊደሎች ብቻ ለይታ እንድትለቅምለት፣ ማንንም እንዳታስገባ ለመናት።

ፋልክን ወደ ጎን ወስዶ ጠየቀው። ፋልክ ትናንት ወደ ማተሚያ ቤቱ ድርሽ እንዳላለ ማለ። ዳኛው ደግሞ ሲጠይቀው ግን ከቀትር በኋላ ገብቶ እንደነበር፣ አንድ ቃል ብትጨምር ቤቱን እቆልፍብሃለሁ ብሎ በሽትራክ ላይ እንደዛተ አመነ። «ስወጣ ግን ደኅና ነበር። እንዲያውም ሳቀብኝ» አለ። ኬርን ይህን አመነው። የተሳቀበት ሰው ሳቁን ፈጥሮ አያወራም።

ኤውሴቢዮ ሪንኮንን ያሰሩት በፋልክ የበቆሎ ጎተራ ውስጥ ነው። ከንፈሩ አብጧል፤ መትተውታል። ዳኛው ውኃ አጠጣውና አጠገቡ በቆሎው ላይ ተቀመጠ።

«ሕግ የሚከለክለውን ነገር አልጠይቅህም» አለው። «ብትነግረኝም ጆሮዬ አይሰማም። ግን ሽትራክ ዘንድ ለምን ሄድክ?»

ኤውሴቢዮ በተሰባበረ ጀርመንኛ ተናገረ። በመከር ጊዜ ከወንዙ ዳር እግሩን በጥይት የተመታ ጥቁር ሰው አገኘ። ከኮሎኔሉ እርሻ ያመለጠ ነው፤ ስሙ አምብሮስ ይባላል። ኤውሴቢዮ ጋሪው ላይ አስተኝቶ በጫነው የበግ ጠጉር ሸፍኖ ደበቀው። ወደ ሜክሲኮ ሊያሻግረው ፈለገ፤ ነገር ግን እግሩ ሳይታከም መንገዱን አይችለውም።

«በበዓላችሁ ቀን ሐኪሙ ሲዘምር ሰምቼ ነበር። ቃሉን ሰው አስተረጎምኩት። እንዲህ የሚዘምር ሰው አሳልፎ አይሰጥም ብዬ፣ ንጋት ላይ ከደጃፉ አስቀምጬው፣ አንኳኩቼ ሄድኩ። ማን እንዳመጣው አላየም። ሐኪሙ እግሩን ሰፋው፣ አበላው፣ አዳነው። ከዚያ ሰውየውን በሰንሰለት ሆኖ ከኮሎኔሉ ጥጥ መፈልፈያ አየሁት። በኋላም ኮሎኔሉ ለሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ሸጠው። ትናንት ለሽትራክ የነገርኩት ይህንን ነው።» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አሁን ይህን ብናገር ኮሎኔሉ ይሰቅለኛል፤ ዝም ብል እናንተ ትሰቅሉኛላችሁ። የትኛው ገመድ ይሻላል ክቡር ዳኛ?»

ኬርን ከጎተራው ሲወጣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። በፈረስ ወደ ኮሎኔሉ ዘንድ ሄደ።

ኮሎኔል ሃርላን ዊቸር ከበረንዳው ላይ ሆኖ ተቀበለው። በእንግሊዝኛ፣ ሳይቀመጥና ሳያስቀምጥ አናገረው። ሐሜቱን ሰምቷል፤ ተቆጥቷል። «እኔ ብሆን ኖሮ በቀትር እመጣ ነበር፤ አንተንም ጠርቼ አሳይህ ነበር» አለ። «ማተሚያውን ወንዝ እጨምራለሁ አልኩ እንጂ ፊደል እንደ በቆሎ እዘራለሁ አላልኩም።»

ዳኛው ከሰዓት በኋላ በሊንደንታል አዳራሽ ተገኝቶ ይህንኑ በሰው ፊት እንዲናገር ጋበዘው። ኮሎኔሉ ስሙን ከሐሜት ለማጥራት መጣ።

በመዘምራኑ አዳራሽ ከተማው ሁሉ ተሰበሰበ። ኤውሴቢዮን ያ አዲስ ገመድ እንደታሰረበት ከፊት አስቀመጡት። ዶክተር ክቫንት ከማልቪና ወንበር ኋላ ቆሟል፤ እጁ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው። ፋልክ የኮሎኔሉን እንግሊዝኛ እንዲያስተረጉም ከአጠገቡ ተቀመጠ። ዳኛው ቆመ። ድምፁን ሳያነሣ ነው የጀመረው።

«ሽትራክ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ሥራው አዙሮ ሳለ ከኋላው ተመታ። የዛተበት ሰው ቢገባ ጀርባውን ይሰጠው ነበር? ጀርባውን የሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ኤውሴቢዮ ነው ካላችሁ፣ መልካም፣ ኤውሴቢዮንም ያምነው ነበር። ስለዚህ እንቀጥል።

«ማተሚያ ቤቱን ወሮበሎች በተኑት ተባለ። ተናዶ የመጣ ሰው መሳቢያ ይገለብጣል፣ ይሰብራል፣ ማተሚያውን በመጥረቢያ ይመታል። እዚህ ግን መሳቢያዎቹ ቀስ ተብለው ወርደው፣ ፊደሉ በእፍኝ በእፍኝ ተበትኖ ነው ያገኘሁት። ድምፅ እንዳይሰማ የተጠነቀቀ ሰው ሥራ ነው። ከዚህም በላይ ፊደሎቹ በደሙ ላይ ነበሩ፤ ሆዳቸው ግን ንጹሕ ነው። የተበተኑት ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው።

«መቼ? ማልቪና ጠዋት ገብታ ባሏን ታቅፋ ተንበርክካለች፤ ቀሚሷን ተመልከቱ። በእርሳስ ፊደል ላይ የተንበረከከ ሰው ጉልበቱ ይላጣል። እሷን አላመማትም። ወለሉ ያን ጊዜ ባዶ ነበር።»

ማልቪና ቀና አለች። ወንበሯ ኋላ ያለውን እጅ ሳታየው ከመደገፊያው ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«እሷ ከደጃፉ አልራቀችም። አቶ ፋልክ፣ ዶክተሩ ከወጣ በኋላ ድመት እንኳ አላስገባሁም ብለውኛል። እኔ ስገባ ግን ወለሉ በፊደል ተሸፍኖ ነበር። በመካከሉ ብቻውን እዚያ ክፍል የቆየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ክቫንት አልተነቃነቀም። «ኢግናትስ፣ ደክሞሃል» አለው በሐዘኔታ። «ለምን ብዬ ፊደል እበትናለሁ?»

«በገጹ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሸፈን። ሽትራክ ለእርማት ቅጂ ሲያወጣ ገጹን ቀለም ቀብቶት ነበር። አንተ ማታ ቅጂውን ብቻ ይዘህ ሸሸህ፤ ጠዋት ገብተህ አንዱን ጽሑፍ ከገጹ ነቅለህ በተንከው፤ ጽሑፉ እንዳይለይ ደግሞ ከመሳቢያዎቹ ንጹሑን ፊደል ላዩ ላይ ዘራህበት። ቀለሙን ግን አላጠብከውም። ማልቪና፣ አሳዪ።»

ማልቪና መሐረቧን ፈትታ ጥቁር ፊደሎቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰች። ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ለይታ አሰለፈች፤ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁሉም ትልቁ Q፣ ጀርመኖቹ «ኩ» የሚሉት። በጀርመንኛ ብዙ ሥራ የሌለው ፊደል ነው፤ «ክቫንት» የሚለው ስም ግን የሚጀምረው በእሱ ነው።

«ባሌ ይህን ፊደል በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚለቅመው አላስታውስም» አለች ማልቪና። «በአንድ ጽሑፍ ስድስት ጊዜ አይቼ አላውቅም።»

ዶክተሩ በፍርሃት ሳይሆን በድካም ሳቀ። «በቋንቋችን ምንጭ የሚለው ቃልም በዚህ ፊደል ይጀምራል። ምናልባት ስለ ምንጮች ጽፎ ይሆናል።»

«ስቃይ የሚለውም በእሱ ይጀምራል» አለ ዳኛው። ከዚያ ወደ ኮሎኔሉ ዞረ። «ኮሎኔል፣ በመከር ጊዜ ያመለጠዎትን ሰው ማን መለሰልዎ?»

ኮሎኔሉ የሚደበቅ ነገር አልታየውም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያስተካከለ በእርጋታ ተናገረ። ፋልክ ለማስተርጎም አፉን ከፈተና ዘጋው።

«ያስተርጉሙ» አለ ዳኛው።

«ይላሉ…» ፋልክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር ክቫንት ነው ይላሉ። አክሞ፣ እግሩን ሰፍቶ፣ መራመድ ሲችል አስረከበኝ ይላሉ። ከጀርመኖች ሁሉ ጨዋው እሱ ነው… በእሱ ምክንያት ነው ይህችን ከተማ እስካሁን ያልነካኋት ይላሉ።»

ሰዎቹ ሁሉ ወደ ክቫንት ዞሩ። ኮሎኔሉ የተሰበሰበውን ሰው ፊት አየና ነገሩ አልገባውም፤ ሰውየውን ለሐኪሙ ማን እንዳመጣለት ግን ማወቅ ፈለገ፤ ጠየቀ።

«የሚያውቀው ሽትራክ ነበር» አለ ኬርን በእንግሊዝኛ። «ሄደው ይጠይቁት።»

ክቫንት ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታ ጥቁሮቹ ፊደሎች ዘለሉ። «ለማን ብዬ መሰላችሁ? ለእናንተ ነው! አንድ የማላውቀው ሰው ወይስ የእናንተ ልጆች፣ በእነዚህ እጆች ያዋለድኳቸው? ኮሎኔሉ ቤታችሁን ያቃጥል ነበር። ቬንዴሊንን ለመንኩት፤ በጉልበቴ ወድቄ ለመንኩት። ብዕር ይዘህ መልስህን ጻፍ፣ አትምልሃለሁ አለኝና ፊደሉን ሊለቅም ዞረ። ዞረብኝ! እናንተስ? ዝም በል ብላችሁ የወሰናችሁበት እናንተ አይደላችሁም? እኔ ውሳኔያችሁን ነው የፈጸምኩት።»

ፋልክ አንገቱን ደፋ። ብዙዎች ደፉ። ኬርን ግን ከዚህ በኋላ ቁጣውን መያዝ አልቻለም።

«እውነቱን ነው» አለ። «ሁላችሁም ስሙት፣ ይህን አንድ ነገር እውነቱን ነው። ጠዋት ገመዱን ይዛችሁ ስትመጡ እንዴት ገደለው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችሁ አልነበረም። የምትፈሩትን ሰው ትታችሁ የማያስፈራችሁን አሰራችሁ። አዳልበርት፣ ያን ሰው ስታስረክብ ሕጉ ካንተ ጋር ነበር፤ እኔም የዚያ ሕግ ዳኛ ነኝ፣ ይህን እያወቅሁ ማታ ማታ እተኛለሁ። የምይዝህ ስለ ቬንዴሊን ብቻ ነው። ስለዚያኛው የምይዝህበት ሕግ ቢኖረኝ ሁለት ጊዜ እይዝህ ነበር።» ወደ ፋልክ ዞረ። «ገመዱ ያንተ ነው። ፍታው።»

ፋልክ ሄዶ ተንበረከከ። ቋጠሮው አልፈታ አለው። ኤውሴቢዮ አልረዳውም። ሲፈታ ተነሥቶ እጁን አሻሸ፤ ፋልክ ይቅርታ ለመጠየቅ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ገመዱን ስጠኝ» አለ ኤውሴቢዮ።

«ምን?»

«ደኅና ገመድ ነው። ለበሬዬ ይሆነኛል።»

ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ በሕዝቡ መካከል አልፎ ወጣ። ከማልቪና ፊት ብቻ ቆም ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ለሊንደንታል ጭነት አላመጣም፤ የጨው ዋጋም ወጣ።

ክቫንትን ወደ ወረዳው ከተማ ወሰዱት። ተፈረደበት፤ ነገር ግን የዳኞቹ ጉባኤ መልካም ስሙንና ያዋለዳቸውን ሕፃናት ቆጥሮለት ፍርዱን አቀለለለት። አምብሮስ የሚለውን ስም በችሎቱ ውስጥ የጠራ ሰው የለም።

ማልቪና ባሏን ቀብራ በማግስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፊደሎቹን ወደየመሳቢያቸው መመለስ ጀመረች። ኬርን እጅጌውን ሰብስቦ አገዛት፤ ከአንዴም ሁለቴ በተሳሳተ ቦታ ከተተና ገሠጸችው። ባለአክሲዮኖቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። ስለ ግድያው ጻፊ፣ ክቫንትንም በስሙ ጥሪው አሏት፤ ያመለጠውን ሰው ነገር ግን ተዪው፣ ኮሎኔሉን አታስቆጪብን። ፋልክ ከኋላቸው ነበር።

«ባሌ የሞተው በዚያ ሰው ነገር ነው» አለች። «እሱን ካወጣሁት ባሌ በምን ሞተ ልበል? በጉንፋን?»

ቅዳሜ ዕለት «ደወል» ወጣ። የአምብሮስ ስም በርእሱ ላይ ነበር፤ የሽትራክ ስም ከሥሩ፤ አሳልፎ የሰጠው ሰው ስም፣ የተቀበለው ሰው ስም፣ ዝም እንዲባል የወሰኑት ባለአክሲዮኖች ስም ሁሉ በየተራው ተጻፈ። ከቀትር በፊት የከተማው እኩሌታ ጋዜጣውን ሳይገልጥ መልሶ ከደጃፏ ጣለው፤ አንዳንዱ ድንጋይ ጠቅልሎበት ነው የጣለው። ማልቪና አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸው፣ የተጨማደደውን በመዳፏ አቃናች፣ በክርም አሰረቻቸው። ኬርን ፈረሱን ጠመደላት። በማግስቱ ራሷ ይዛቸው ብዙ ጀርመኖች ወደሚኖሩበት ትልቅ ከተማ ወደ ሳን አንቶኒዮ ወረደች፤ ከገበያው መካከል ቆማም በገዛ ድምፅዋ እየጮኸች ከመምሸቱ በፊት ሸጣ ጨረሰቻቸው።